ከቢሉ በፊት መዝገቡን ማንበብ፦ የሜሪላንድ የቤት ባለቤቶች የንብረት ግብር መዝገብ

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜ እንዳይሻማን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የንብረት ግብር ቢል ጁላይ ላይ ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ ድምሩን ያያል፤ ቀጥሎ ይናደዳል፤ ከዚያ ካውንቲው ጋ ይደውላል። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ግን ብዙም ሊረዳው አይችልም። ቢሉ ላይ ያለውን ዋነኛ ቁጥር፣ የቤቱን ግምት፣ ካውንቲው አላወጣውም። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚገምተው በተለምዶ ኤስዳት የሚባለው የስቴቱ የግምትና የግብር መሥሪያ ቤት ነው። ካውንቲው ያንን ግምት ተቀብሎ በራሱ ተመን ያሰላል፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎች ይጨምርበታል፣ ቢል አድርጎ ይልካል። ስለዚህ አብዛኛው ስህተት ቢሉ ከመታተሙ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት መዝገቡ ላይ ተቀምጧል። ሄዶ ማረምም እዚያው መዝገቡ ላይ ነው።

መዝገቡን ማየት ደግሞ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ላይ የቤት ፋይል ለማየት ክፍለ ከተማ ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ ለዚህ ቤት አይነገርም። እዚህ የማንም ሰው ቤት መዝገብ ያለ ይለፍ ቃልና ያለ ክፍያ ይከፈታል፤ ጎረቤታችሁ ቤቱን ስንት እንደገዛው ሳይቀር ይታያል። (ይህ የማይዋጥላቸው ሰዎች አሉ፤ ግን ሕጉ ነው።)

ኤስዳት ድረ ገጽ ላይ «ሪል ፕሮፐርቲ ሰርች» የሚለውን ክፈቱ። ካውንቲያችሁን ምረጡ፤ ቀጥሎ በምን መፈለግ እንደምትፈልጉ ሲጠይቃችሁ «ስትሪት አድሬስ» በሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የቤቱን ቁጥር በአንዱ ሳጥን፣ የመንገዱን ስም ብቻ በሌላው ሳጥን ጻፉ። ስትሪት፣ አቬኑ፣ ድራይቭ፣ ኮርት የሚሉትን አትጨምሩ፤ ኖርዝ፣ ሳውዝ የሚለውንም ተዉት። እነሱን ስትጨምሩ «አልተገኘም» ይላችኋል፤ ቤታችሁ ግን እዚያው አለ። በባለቤት ስም መፈለግ በዚህ ገጽ አይቻልም። አንዴ ካገኛችሁት ከላይ ያለውን የዲስትሪክት ቁጥርና የአካውንት ቁጥር ጻፉና አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ካውንቲው ጋም ሆነ ሞርጌጅ ኩባንያው ጋ ስትደውሉ ከአድራሻ ይልቅ በእሱ ቁጥር ብትነጋገሩ መሳሳት አይኖርም።

አሁን ገጹን ከላይ ወደ ታች እንውረድ።

መጀመሪያ የባለቤቶቹ ስም አለ። ከዚያ «ፕሪንሲፓል ሬዚደንስ» የሚል መስመር፤ ዋና መኖሪያ ማለት ነው፤ መልሱ «የስ» ወይም «ኖ» ነው። የምትኖሩበት ቤት ላይ «ኖ» ካለ ዛሬ ማታ ከዚህ ስትወጡ የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱ ይሁን። ይህ መልስ የሚገባው ብዙ ጊዜ በክሎዚንግ (የቤት ግዢው በሚፈረምበት) ቀን ነው። ከዲዱ (ከቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) ጋር አብሮ የሚቀርብ ቅጽ አለ፤ ገዢው ቤቱን ዋና መኖሪያው ያደርገው እንደሆነ ይጠይቃል። በዚያ ቀን ከሚፈረመው የወረቀት ክምር መካከል ያቺ ሳጥን ሳይታሰብ በተሳሳተ ምልክት ብታልፍ የሚያስተውላት የለም። ውጤቷ ግን በገንዘብ ይመጣል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ከቢሉ ላይ የሚቀንሰው የገቢ ግብር ማካካሻ ክሬዲት አለ፤ ለብዙ ዓመታት 692 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ዋና መኖሪያ ያልሆነ ቤት ይህን አያገኝም። አከፋፈሉም ይለያል። የሚኖርበትን ቤት የሚከፍል ሰው ቢሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ግማሹን እስከ ዲሴምበር 31 መክፈል ይችላል። «ኖ» የተባለ ቤት ግን ሙሉው በሴፕቴምበር 30 ይፈለግበታል።

ከሱ በታች የፖስታ አድራሻ አለ። ቤታችሁን አከራይታችሁ ሌላ ቦታ ከገባችሁ፣ ወይም ቤቱን ስትገዙ የሰጣችሁት የአፓርታማ አድራሻ እዚያው ከቀረ፣ የግምት ማስታወቂያው ወደ ድሮው አድራሻ ይሄዳል። ማስታወቂያው ደግሞ ይግባኝ የሚቆጠርበትን ቀን ይዟል። ደብዳቤው አልደረሰኝም ማለት ብዙ ርቀት አያስኬድም።

«ዲድ ሬፈረንስ» የሚለው በሁለት ቁጥር የሚጻፍ መስመር ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። «ታውን» የሚለውንም ልብ በሉ። ታኮማ ፓርክ፣ ሮክቪል ወይም ጌይተርስበርግ ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ከካውንቲው ሌላ የከተማው ተመን ይጨመርበታል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጀርመንታውን ግን የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት የላቸውም፤ ስሙ የፖስታ ስም ነው። አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ግምት ይዘው ጥቂት መንገድ የሚራራቁ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቢል የሚደርሳቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀጥሎ የቤቱ አካል ይዘረዘራል፦ የተሠራበት ዓመት፣ ከመሬት በላይ ያለው ስፋት፣ የተጠናቀቀ ቤዝመንት ስፋት፣ የመሬቱ ስፋት፣ ፎቁ፣ የውጭ ግድግዳው፣ የሙሉና የግማሽ መታጠቢያ ቤት ብዛት፣ ጋራዥ። ይህን ክፍል ቤታችሁ ውስጥ ቆማችሁ አንብቡት። ገማቹ ቤታችሁ ውስጥ አልገባም፤ ከውጭ ለክቶ፣ የግንባታ ፈቃድ ወረቀቶችን አይቶ የሞላው ነው። ስለዚህ ስህተት የሚበዛው ከውጭ የማይታይ ነገር ላይ ነው። ባዶ ኮንክሪት የሆነው ቤዝመንት «የተጠናቀቀ» ተብሎ ይገኛል፤ ሁለት የነበረው መታጠቢያ ቤት ሦስት ተብሎ ይገኛል። አንድ ነገር ግን አታምታቱ። ስፋቱ ከውጭ ግድግዳ የሚለካ ስለሆነ ክፍሎቹን በሜትር ለክታችሁ ከምትደምሩት ይበልጣል፤ የሻጭ ማስታወቂያ ደግሞ ቤዝመንቱን ደምሮ ነው የሚያወራው። የቁጥር ልዩነት ሁሉ ስህተት አይደለም። ቤዝመንትን ከቤዝመንት፣ ከመሬት በላይ ያለውን ከመሬት በላይ ካለው ጋር አስተያዩ። እውነተኛ ስህተት ካገኛችሁ የይግባኝ ወቅት አትጠብቁ፤ በየካውንቲው ኤስዳት የራሱ ቢሮ ስላለው ፎቶ አያይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ መጥተው እንዲያዩም ጠይቁ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ገጹ ብዙ ቁጥር ይደረድራል፤ ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው። ሜሪላንድ በየሦስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ይገምታል። ስቴቱ በሦስት ቡድን ተከፍሏል፤ በየዓመቱ አንዱ ቡድን ይገመታል፣ ማስታወቂያው ዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ይላካል። «ቤዝ ቫልዩ» የቀድሞው ግምት ነው። «ቫልዩ» የሚለው አዲሱ ነው፤ ከጎኑ የጃንዋሪ 1 ቀን ተጽፎበታል። «ፌዝ ኢን» የሚሉት ሁለቱ ዓምዶች ግብር የሚሰላባቸው ናቸው፤ አንዱ የዘንድሮ፣ አንዱ የሚመጣው ዓመት። ግምቱ ከጨመረ ጭማሪው ለሦስት ተካፍሎ በየዓመቱ ሲሶ ሲሶ ይገባል። ከቀነሰ ግን ቅናሹ ወዲያውኑ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ይታሰባል።

በምሳሌ እንየው። የቀድሞው ግምት 400,000፣ አዲሱ 550,000 ዶላር ነው እንበል። የ150,000 ጭማሪው ተከፋፍሎ ግብር የሚታሰብበት ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት 450,000፣ በሁለተኛው 500,000፣ በሦስተኛው 550,000 ይሆናል። የስቴቱ ተመን ለእያንዳንዱ 100 ዶላር 0.112 ነው። በሦስተኛው ዓመት የስቴቱ ድርሻ 616 ዶላር ማለት ነው። ትልቁን የሚወስደው ካውንቲው ነው።

አሁን ወደ ገጹ ታችኛ ክፍል ውረዱ። እዚያ «ሆምስቴድ አፕሊኬሽን ስታተስ» የሚል መስመር አለ። ወይ «አፕሩቭድ» ከነቀኑ ይላል፣ ወይ «ኖ አፕሊኬሽን» ይላል። ከመላው መዝገብ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ይህንን ነው። ሆምስቴድ ክሬዲት የሚባለው፣ በምትኖሩበት ቤት ላይ ግብር የሚታሰብበት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይዘል የሚያደርግ ገደብ ነው። ለስቴቱ ግብር ገደቡ 10 በመቶ ነው። ካውንቲዎች የየራሳቸውን ያወጣሉ፦ ሞንትጎመሪ 10፣ ሃዋርድ 5፣ ባልቲሞር ከተማ 4፣ አን አረንደል 2 በመቶ። ፕሪንስ ጆርጅስ ከዋጋ ንረት ጋር ያያዘው ሲሆን ከ5 አይበልጥም።

ያንኑ ምሳሌ በሞንትጎመሪው 10 በመቶ ስናሰላው፣ ግብር የሚታሰብበት 440,000፣ 484,000፣ ከዚያ 532,400 ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት 17,600 ዶላር ከግብር ውጭ ሆነ ማለት ነው፤ ተመኑን ወደ አንድ ዶላር ገደማ ብንይዘው 176 ዶላር አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ሞንትጎመሪ ያሉ ሰዎች «ይህማ ምን አላት» የሚሉት። ያንኑ ቤት ባልቲሞር ከተማ አስቀምጡት። ገደቡ 4 በመቶ ስለሆነ በሦስተኛው ዓመት ግብር የሚታሰበው በ449,946 ላይ ብቻ ነው፤ 100,054 ዶላር ከግብር ውጭ ነው። በከተማው 2.248 ተመን ይህ በአንድ ዓመት ወደ 2,250 ዶላር ይጠጋል። ባልቲሞር ዘመድ ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።

ማመልከቻው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ ነው። በክፍያ እንሞላላችኋለን የሚሉ ደብዳቤዎች ይመጣሉ፤ ቅጹ ከኤስዳት በነጻ ይገኛል። ባልና ሚስት ሁለት ቤት ቢኖራቸው ማመልከት የሚችሉት በአንዱ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ በዓመት ከስድስት ወር በላይ፣ ጁላይ 1ንም ጨምሮ፣ መኖር ይጠበቅባችኋል። ደግሞ ክሬዲቱ ከቤቱ ጋር አይሸጥም። ባለፈው የካላንደር ዓመት ባለቤት የቀየረ ቤት ላይ አይሠራም፤ 2025 ላይ የተገዛ ቤት የ2026 ጁላይ ቢል ላይ ገደቡ የለውም። ይህን የማያውቅ ገዢ የሻጩን ቢል አይቶ ወርሃዊ ክፍያውን ያሰላል። ሻጩ ሃያ ዓመት የኖረ ከሆነ የእሱ ቢል በገደቡ ተይዞ የቆየ ነው፤ እናንተ ስትገቡ ቁጥሩ ወደ ሙሉው ግምት ይመለሳል። ቤት ስታዩ የሻጩን ቢል ተዉትና ሙሉውን ግምት በተመኑ አባዙ።

በስም የሚመሳሰል ሌላ አለ፤ «ሆምኦነርስ ታክስ ክሬዲት»። ይህ በገቢ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል። የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ከ60,000 ዶላር የማይበልጥ፣ ቤቱንና የጡረታ ቁጠባን ሳይጨምር ሀብቱ ከ200,000 በታች የሆነ ሰው ማመልከት ይችላል። የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው፤ እስከ ኤፕሪል 15 ያመለከተ ሰው ቅናሹ ቢሉ ላይ ተቀንሶ ይመጣለታል። ጡረታ የወጡ እናትና አባት በስማቸው ቤት ካላቸው ይህን ጠይቁላቸው። ቤቱ በልጅ ስም ከሆነ ግን የሚታየው የባለቤቱ የልጁ ገቢ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ግምቱ በዝቷል የሚል ሰው ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ 45 ቀን አለው። መጀመሪያ የሚሰማው እዚያው የኤስዳት ቢሮ ነው፤ በስልክም በጽሑፍም ይሆናል። ካልተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ቦርዱ፣ ከሱም በ30 ቀን ወደ ሜሪላንድ ታክስ ኮርት ትሄዳላችሁ። ጉዳያችሁ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ክርክር ይዛችሁ ስትቀርቡ ነው። «ግብሩ በዛብኝ»፣ «በአንድ ጊዜ 30 በመቶ ጨመረ»፣ «ጡረተኛ ነኝ» የሚሉት ለገማቹ ምንም አይሉትም፤ የእሱ ጥያቄ አንድ ነው፤ በዚያ ጃንዋሪ 1 ቤቱ ገበያ ላይ ስንት ያወጣ ነበር? ዚሎው በሚባለው የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ላይ ያለ ግምትም ማስረጃ አይሆንም። የሚሠራው የመዝገብ ስህተት፣ ጉዳት ያለበት ቤት ከሆነ የጥገና ዋጋ ግምትና ፎቶ፣ እንዲሁም ከዚያ ቀን በፊት በዚያው ሰፈር የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ናቸው። ሽያጮቹን ከዚሁ ከኤስዳት ገጽ ታገኛላችሁ፤ በሽያጭ መፈለጊያ አለው። ስትመርጡ «አርምስ ሌንግዝ» የተባሉትን፣ በማይዛመዱ ሰዎች መካከል በገበያ ዋጋ የተሸጡትን፣ ብቻ ያዙ። «ነን አርምስ ሌንግዝ» የተባለው፣ ዋጋው ዜሮ የሆነው፣ በቤተሰብ መካከል የተላለፈ ወይም ስም የተጨመረበት ነውና ዋጋ የለውም። ገማቹ የተጠቀመበትን የቤታችሁን የስሌት ወረቀት ደግሞ ከይግባኙ በፊት ጠይቁ፤ እሱን ሳታዩ መቅረብ ዋጋ የለውም። ቦርዱ ጋ ስትደርሱ ግምቱ ሊጨምርም እንደሚችል ዕወቁ።

የሦስት ዓመቱ ተራ ያልደረሰው ሰው እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ድረስ ለሚቀጥለው የግብር ዓመት ማመልከት ይችላል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ የገዛ ሰው ደግሞ ከተላለፈለት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለው። ከግምቱ በብዙ ባነሰ ዋጋ የገዛችሁ ከሆነ ይህ ቀን እንዳያልፋችሁ።

ቢሉን ራሱን በአጭሩ። የካውንቲው የክፍያ ገጽ ላይ በአካውንት ቁጥር ይከፈታል፤ ያለፉት ዓመታትም አሉ። ከስቴትና ከካውንቲ ግብር በታች በግምት የማይሰሉ ክፍያዎች አሉ፦ የቆሻሻ፣ የዝናብ ውሃ ጥበቃ፣ አንዳንድ ቦታ የውሃና ፍሳሽ መስመር ዝርጋታ። እነዚህ ላይ የግምት ይግባኝ ለውጥ አያመጣም። አዲስ ሰፈር የገዙ ሰዎች በየዓመቱ ከገንቢው ኩባንያ የሚመጣላቸው የውሃ መስመር ክፍያ ግን ቢሉ ላይ አይገኝም፤ ክሎዚንግ ላይ የተፈረመ የግል ዕዳ ስለሆነ ለብቻው ይከፈላል። ካውንቲው አያውቀውም።

አዲስ ቤት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። መሬቱ ገና ባዶ ሳለ የወጣው ቢል የመሬቱን ብቻ ነው። ሞርጌጅ ኩባንያው በዚያ ትንሽ ቢል ኤስክሮውን፣ ለግብር መክፈያ በየወሩ ከእናንተ የሚሰበስበውን ገንዘብ፣ ያሰላና ወርሃዊ ክፍያው ደስ የሚል ሆኖ ይጀምራል። ቤቱ ሲያልቅ ስቴቱ በዓመቱ መካከል ያክለዋል፤ እንደ ጊዜው የሦስት ሩብ፣ የግማሽ ወይም የሩብ ዓመት ተጨማሪ ቢል ይመጣል፤ ቀጥሎ ሙሉው ዓመት። ኩባንያው ከኪሱ ከፍሎ ጉድለቱን እናንተ ላይ ይጭናል፤ ወርሃዊው በመቶዎች ሊዘል ይችላል። ባንኩ አጭበረበረኝ የሚለው ብዙው ስሞታ ከዚህ የሚመነጭ ነው። መፍትሔው ገና ከመጀመሪያው የገዛችሁበትን ዋጋ በተመኑ አባዝታችሁ ልዩነቱን በየወሩ ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ተጨማሪው ቢል ለኩባንያው መድረሱንም ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ሁልጊዜ አይደርስም፣ ወለዱ ደግሞ የሚቆጠረው በቤቱ ላይ ነው።

ወደ ዲዱ ልመለስ። መዝገቡ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ሊበር፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ ሁለተኛው ፎሊዮ፣ የገጹ ቁጥር ነው። ኤምዲላንድሬክ የሚባል የስቴቱ ገጽ ላይ በኢሜይል ተመዝግባችሁ፣ ካውንቲያችሁን መርጣችሁ ሁለቱን ስታስገቡ ዲዳችሁ በነጻ ይከፈታል። ስለዚህ የዲድ ኮፒ እንላክላችሁ ብለው ወደ 100 ዶላር የሚጠይቁ፣ የመንግሥት የሚመስሉ ደብዳቤዎችን ቅርጫት ውስጥ ጣሏቸው። እዚያው የሞርጌጁ ሰነድም አለ፤ ሪፋይናንስ ካደረጋችሁ ወይም ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ የድሮው ዕዳ መለቀቁ መመዝገቡን ፈልጉ። ሳይመዘገብ የቀረ እንደሆነ የሚታወቀው ቤቱን ስትሸጡ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀን የለም።

ከኤስዳት በተለየ ኤምዲላንድሬክ ላይ በስም መፈለግ ይቻላል፤ የእኛ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ነው። ማውጫው የቤተሰብ ስም ይጠብቃል፤ እኛ የአባትና የአያት ስም አለን። ፓስፖርት ላይ በአያት ስም የተመዘገበ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ በአባቱ ስም ሊሆን ይችላል፤ ባልና ሚስትም የተለያየ ስም ይዘዋል። ፊደሉም አንድ ወጥ አይደለም፤ ኃይሌ በአይም በዋይም ይጻፋል፣ ወልደ በኦም በኢም። ስለዚህ በራሳችሁ ስም፣ በአባትም በአያትም፣ በየአጻጻፉ ፈልጉ፤ የሆምስቴድ ማመልከቻ ላይም ስማችሁን ልክ ዲዱ ላይ እንዳለው ጻፉ። የማይመሳሰል ስም ማመልከቻ ከሚያጓትቱ ነገሮች አንዱ ነው።

ቨርጂኒያ ላላችሁ፣ አሠራሩ ሌላ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ራሱ ይገምታል፣ በየዓመቱ፣ በጃንዋሪ 1 ዋጋ። እንደ ሆምስቴድ ያለ ገደብ የለም፤ ገበያው የዘለለውን ያህል ግምቱም ይዘላል። ቢሮው ጋ ይግባኝ እስከ ኤፕሪል 1፣ ቦርዱ ጋ እስከ ጁን 1 ነው፤ ክፍያው ጁላይ 28 እና ዲሴምበር 5። ዲሲ ደግሞ ካውንቲ የለውም፤ የከተማው የግብር ቢሮ ራሱ በየዓመቱ ይገምታል፤ ቤቱ የሚታወቀው በስኩዌርና በሎት ቁጥር ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከተሞች ከካውንቲ ውጭ ናቸው። ፖስታችሁ ላይ «አሌክሳንድሪያ» ስለተጻፈ ቤታችሁ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ነው ማለት አይደለም፤ 22310 እና 22306 ዚፕ ኮድ ላይ ያለው አብዛኛው ቤት የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። የከተማው መዝገብ ላይ ስትፈልጉ ባዶ ከመጣላችሁ አጻጻፉን እየቀያየራችሁ አትድከሙ፤ ወደ ካውንቲው ገጽ ሂዱ።